ሰሜራ የቀረው የቀን መቁጠሪያ

ኮሌታ ከሌለው ነገር ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በዕድሜዬ ከሹፌር ጋር ተጣልቻለሁ፤ ከሹፌር ረዳትም ጋር ተጣልቻለሁ። ተራዋን ሳትጠብቅ ወደ አውቶቡስ መስኮት የተንጠራራች የገዛ ምራቴን ከሕዝብ ፊት መልሼ አስቀምጬ፣ ሦስት ወር ሳንነጋገር ከርመናል። ሁሉም ግን ወይ ኮሌታ፣ ወይ የነጠላ ጫፍ ነበራቸው። የሚያዝ ነገር አላጣሁም። ዘንድሮ የተጣላሁት ከኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ነው። እስቲ እሱ በየት በኩል ይያዛል?

ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። የምኖረው አዋሽ ነው። ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አሮጌው ባቡር ቆመ፣ እሱም ነፍሱን ይማረውና ተከተለው፣ እኔ ቀረሁ። ከጅቡቲ የሚመጡትና ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት መኪኖች ከሚቆሙበት ኬላ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ አለች። ከሥሯ ቁጭ ብለን የምንሸጥ ሴቶች ነን። ለውዝ አለ፣ ሐብሐብ አለ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አለ፣ የሐሊማ የፍየል ወተት አለ። የተቀቀለ እንቁላሉ የእኔ ነው።

ድሮ መኪና ሲቆም ሁላችንም እንነሳ ነበር። ጉልበት ያላት ትሸጣለች፣ የሌላት የተረገጠ እግሯን እያሸች ትመለሳለች። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ስለዚህ ተራ አወጣሁ። መኪና ሲቆም ሦስት ሴቶች ይነሳሉ፤ ሌላ ሲቆም የሚቀጥሉት ሦስቱ። በየጧቱ ከዝርዝሩ አናት እንጀምራለን፤ ጧት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ተሳፋሪውም የራበው ነውና አናት ላይ ያለች ሴት የታደለች ናት። መጨረሻ ላይ ያለችው የሚደርሳት ሙቀቱ ሰውን አፍዝዞ፣ ተሳፋሪው አፉን ከፍቶ በሚተኛበት ሰዓት ነው። ይህም ግፍ እንዳይሆን በየወሩ መባቻ ዝርዝሩን እገለብጠዋለሁ። የመጨረሻዋ አንደኛ፣ አንደኛዋ መጨረሻ ትሆናለች።

ሕጉን በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም። ከሕጎቹ ሁሉ የምኮራበት አራተኛው ነው፦ «ሰው የዘለለች ሴት ቦታዋን ለተዘለለችው ትለቃለች።» ከሕጎቹ በታች የአሥራ አንድ ሴቶች ስም አለ። በዚህ ደብተር ብዙ ዓመት በሰላም ኖርን።

ሰላማችንን ያየ አቶ በለጠ የሚባል ሰው ተነሳ። አቶ በለጠ ድምፁ ከሰውነቱ የሚቀድም ሰው ነው፤ ገና ከሩቅ ሲስል የመጣ ይመስላችኋል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይደርሳል። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ተራ ያስከብር ነበር፤ እሱ በሚያስከብረው ተራ የአክስቱ ልጅ ሁልጊዜ አንደኛ ነበረች፤ ወሩ ቢገለበጥም ባይገለበጥም። ይህ ሰው ወረዳ ሄዶ፣ «እዚያ ጥላ ሥር አንዲት አሮጊት በክር የታሰረ መነጽር አድርጋ በደብተር ሕዝብ ታስተዳድራለች። ዘመኑ የኮምፒውተር ነው» አለ። ወረዳውም ወሰነ፦ በሃያ ስምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። በኮምፒውተር የሚሠራ የተራ መዝገብ ያሳየ ተራውን ያስከብራል።

አቶ በለጠ ኮምፒውተር የሚያውቅ የወንድም ልጅ እንዳለው ለመንደሩ ሁሉ ነገረ። እኔም የልጅ ልጅ አለችኝ! መቅደስ ሰሜራ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ይሄማ ቀላል ነው፤ በሁለት ቀን እሠራልሻለሁ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ «ቀላል ነው» የሚል ሰው ስሰማ ወንበር ፈልጌ መቀመጥ ጀምሬያለሁ።

እንዴት እንደምትሠራው አስረዳችኝ። ሁሉንም ራሷ አትጽፈውም። ሌሎች ሰዎች ሠርተው «ማንም ይጠቀምበት» ብለው የተዉት ሥራ አለ፣ ላይብረሪ ይሉታል። ስሙን ጠርታ ታሠራዋለች። ለምሳሌ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው፤ መስከረምን አያውቅም፣ ጳጉሜን ቢያይ ይደነግጣል። ታዲያ አንድ የማላውቀው የአገሬ ልጅ ቁጭ ብሎ የእኛን ቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ አድርጎ ሠርቶታል። ለማን ብሎ? ለእኔና ለሐሊማ። ባገኘው እንቁላል አበላው ነበር።

«ችግሩ» አለች መቅደስ፣ «የላክሁልሽ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እነዚህ ላይብረሪዎች የሉም። እዚያ ደግሞ ኔትዎርኩ ደካማ ነው። ስለዚህ ሁሉን ሰብስቦ አንድ ፋይል አድርጎ የሚጠቀልል ሌላ ፕሮግራም አለ፤ በእሱ ጠቅልዬ በፍላሽ እልክልሻለሁ።»

«ጫኝ ነዋ» አልኳት።

«አዎ፣ ጫኝ በይው።»

ጫኝማ እናውቃለን። ዕድሜያችንን የኖርነው በጫኝና በአውራጅ መሃል ነው።

የመጀመሪያዋ ፍላሽ ከድንበሩ ከገላፊ የጉምሩክ ሥራውን ጨርሶ በሚመጣው ሹፌር፣ በሙሉጌታ መኪና መጣች። ሙሉጌታ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጎ፣ ቀፎውን በደረት ኪሱ ይዞ ነው ያደረሰልኝ። «እማማ፣ ሃያ አምስት ዓመት ስነዳ እንዲህ ያለ ቀላል ጭነት ጭኜ አላውቅም» አለ።

ሴቶቹ ሁሉ ላፕቶፑን ከበቡት። መቅደስ እንዳስተማረችኝ ምልክቷን ሁለቴ ነካሁ። ጥቁር መስኮት ብልጭ አለና ጠፋ። በቃ። ዓይን እስኪከደን እንኳ አልቆየም።

ደወልኩ። «መቅዲ፣ ጥቁር ነገር ብቅ ብሎ ሸሸ።»

«እዚህ እኮ ይሠራል እማዬ! አሁን ራሱ ከፍቼው እያየሁት ነው።»

«ሰሜራ ላይ ቢሠራ ለእኔ ምን ይሆነኛል? አንቺ እዚያ ውኃ ስትጠጪ የእኔ ጥም ይቆረጣል?»

ስልኩን ዘጋሁና በራሴ መንገድ ልሞክር አልኩ። ሞኝነቴን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ሞቶ ሳይሆን ተኝቶ ከሆነ ይነቃል ብዬ አርባ ጊዜ ነካካሁት። አርባ ጥቁር መስኮት እየተከታተለ ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ፣ ጥፍት አለ፤ መብረቅ የሚመታ መሰለ። ላፕቶፑ እሳት ላይ እንደተጣደ ጀበና ጋለ። የአዋሽ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ለውዝ ሻጯ ያቺ ብልህ፣ «መኪና ሲሞቅ እርጥብ ጆንያ ነው የሚያለብሱት» አለች። እውነቷን ነው፣ ሹፌሮቹ ያደርጉታል። ጆንያ ነክረን አለበስነው። መቅደስ ይህን ስትሰማ የጮኸችው ጩኸት ያለ ስልክም አዋሽ ይደርስ ነበር። እኔ በስመ አብ ብዬ፣ ሐሊማ ቢስሚላሂ ብላ ጆንያውን አነሳን። እግዜር ይመስገን፣ ውኃው ውስጥ አልገባም።

«የሚታየው ነገር እኮ ምክንያቱን ጽፎ ነው የሚጠፋው» አለች መቅደስ ከተረጋጋች በኋላ። «ካላነበብኩት ምኑን ላስተካክለው?»

ያኔ ነው የሐሊማ የወንድም ሚስት ከኋላ የተናገረችው። ይህች ሴት ሁልጊዜ ከሐሊማ ጋር ነው የምትመጣው፤ የወተቱን ጀሪካን ትሸከማለች፣ ኩባያ ታጥባለች፣ ሐሊማ ስትነሳ አብራ ትነሳለች። ብዙ አትናገርም። «ቪዲዮ ይነሣ» አለች። ቀሚሷ ውስጥ እጇን ሰዳ ከሁላችንም ስልክ የተሻለ ስልክ አወጣች። እኔ ነካሁ፣ እሷ ቀረጸች። ከዚያ ቪዲዮውን በጣቷ ወደኋላ ጎተት፣ ጎተት አደረገችና ጥቁሩን መስኮት ሊሸሽ ሲል ያዘችው። ኮሌታ ያልኳችሁን አገኘችለት።

ውስጡ በፈረንጅ ፊደል መስመር በመስመር እንደ መሰላል የወረደ ጽሑፍ ነበር።

«ይሄ ዳጉ ነው» አለች።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዜና ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ዳጉ ይሉታል። የነገረሽን ሰው ከማን እንደሰማ ትጠይቂዋለሽ፣ ያኛው ደግሞ ከማን እንደሰማ። ያየው ሰው እስኪገኝ ድረስ ዝም ብሎ መቀበል የለም።

«የላይኛው ምንም አያውቅም፤ ከታቹ ነው የሰማ» አለች በጣቷ እየወረደች። «ያም ከታቹ ነው የሰማ። ያየው የመጨረሻው ነው። እሱን ጠይቁት።»

ፎቶ አንስታ ላከችው፤ ፎቶ ትንሽ ስለሆነ ኔትዎርኩ አልከለከለም። መቅደስ ወዲያው ደወለች። «መሰላሉን ማን አነበበው? ልክ ነው! ታች ያለው ነው። የቀን መቁጠሪያውን አጣሁት ነው የሚለው። ጫኙ ትቶት መጥቷል!»

«እንዴት ይተወዋል?»

«እማዬ፣ ጫኙ የሚጭነው በጽሑፉ ላይ በስሙ የተጠራውን ብቻ ነው። ቀን መቁጠሪያውን እኔ በቀጥታ አልጠራሁትም። ዝርዝሩን የሚይዝልን ሌላ ላይብረሪ አለ፣ የመዝገብ ላይብረሪ፤ እሱ ነው ሥራ ላይ እያለ ጠርቶ ይዞት የሚመጣው። ጫኙ ስሙን የትም ስላላየው የለም ብሎ ተወው።»

ይህን ስሰማ ከአዋሽ እስከ ሰሜራ የሚሰማ ንግግር አደረግኩ። «ስሙ ስላልተጻፈ ሥራው አልተሠራም? ሌላው ሲጠራ አብሮ ተነስቶ የሚሠራውን ሰው እንዴት አያይም? ዓይን የለውም? ይህ ጫኝ ሳይሆን ግፈኛ ነው! በእኔ ጥላ ሥር ቢሆን በአራተኛው ሕግ አንድ ቀን አያድርም ነበር!» ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። የሐሊማ የወንድም ሚስት ብቻ ኩባያዋን ታጥብ ነበር።

ሁለተኛዋ ፍላሽ ቀን መቁጠሪያውን ጭና ተነሳች። መቅደስ የሰጠችው ሹፌር ግን ከጅቡቲ የሚመለስ መስሏት እንጂ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ነበር። ፍላሿ ገላፊን ተሻገረች፣ ባሕር አየች፣ ስሚንቶ ላይ ተቀምጣ ተመለሰች። እኔ እስካሁን ባሕር አላየሁም። በአምስተኛው ቀን ስትደርስ ሹፌሩን ልቆጣው አፌን ስከፍት፣ «እማማ፣ ቪዛ እንኳ አልጠየቋትም» ብሎ አሳቀኝ። እንቁላል ሰጥቼ ሸኘሁት።

ነካሁ። ብልጭ፣ ጥፍት። ቪዲዮ፣ ጎተት፣ ዳጉ። አሁን ቀን መቁጠሪያው ደርሷል፤ የወሮቹ ስም የተጻፈበት ወረቀት ግን ሰሜራ ቀርቷል። ጫኙ የሚሠራውን እንጂ ወረቀቱን አይጭንም አሉ። አስቡት፤ ሰውየውን ጭኖ ሻንጣውን ሜዳ ላይ መተው!

መቅደስ ወረቀቱን ለማስጫን ጫኙን በአዲስ ቀየረችው። አዲሱ ጫኝ ደግሞ የቀድሞውን መዝገብ ላይብረሪ «አላውቅህም» አለው። መዝገቡን አሳደሰችው፤ የታደሰው መዝገብ በተራው ከቀን መቁጠሪያው ጋር ተኮራረፈ፣ የተሠራው ለቀድሞው ነበርና። አንዱን ስታስታርቅ ሌላው ፊቱን ያዞራል። ሠርግ ደግሳ የማታውቅ ልጅ የሁለት ወገን ዘመድ ማስቀመጥ ምን እንደሆነ ያኔ ገባት።

ማክሰኞ፣ በሃያ ስድስት፣ ድምጿ ተቆርጦ ደወለች። «እማዬ፣ ደከመኝ። የቀን መቁጠሪያውን አወጣዋለሁ። በፈረንጅ ወር ይሁንና ይሠራል፤ ሐሙስ ታሳዪበታለሽ።»

ሐሙስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አቶ በለጠ በጥላችን አጠገብ ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮውን ቀና ብሎ ያያል፤ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው እንደሚያየው። በሌላ በኩል የፈረንጅ ወር የሚያልቀው በእኛ ወር መሃል ነው። ዝርዝሩ ያለ ቀኑ ይገለበጣል፤ አንዷ ጧቷን ሳትጠግብ ወደ መጨረሻ ትወርዳለች።

«አይሆንም» አልኳት።

«እማዬ፣ ተራውን በሙሉ ልታጪ ነው እኮ!»

«በተጣመመ ተራ ከምይዘው አቶ በለጠ ይውሰደው። ቢያንስ የእሱ ጠማማነት ያለ ኮምፒውተር ነው።» ከዚያ ትንሽ አለሳለስኩ። «መቅዲዬ፣ ጫኙ ሳያይ የሚተወውን አንቺ በእጅሽ ጽፈሽ ልትሰጪው አትችይም? እኔ ደብተሬ ላይ እንደምጽፈው?»

«ዝርዝር ሊሰጠው ይችላል» አለች። «ሁሉንም ወደ ቀድሞው መልሼ፣ እነዚህን ስማቸው ባይጠራም ጫን ብዬ አንድ በአንድ...»

«እንግዲያው ተነሺ!»

ሦስተኛዋ ፍላሽ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሙሉጌታ ኪስ ደረሰች። ነካሁ። ጥቁር መስኮት ብልጭ አለ። ከዚያም ነጭ ሰፊ ገጽ ወጣ፤ አናቱ ላይ በራሳችን ፊደል ቀኑና ወሩ ተጽፎ ነበር፣ ሃያ ሰባት። ለውዝ ሻጯ እልል አለች። ሙሉጌታ ጡሩንባውን ነፋው፤ የኬላው ጥበቃ ጦርነት መስሎት ተነሳ። እኔ መነጽሬን አጠበቅኩና ከደብተሬ እያየሁ በአንድ ጣት ስማችንን ጻፍኩ። ለአሥራ አንድ ስም ከሰዓት በኋላው ሁሉ አለቀ። በዚያ ወር አንደኛዋ እኔ ነበርኩ፤ የእኔን ስም ስጽፍ ትንሽ ፈጠን ማለቴን አልክድም።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ወጣት ናት፣ ትሁት፣ ላብ በላብ የሆነች። አቶ በለጠም የወንድሙ ልጅ ሥራ ስለበዛበት ብቻውን መጣ። ሳሉ እንደተለመደው ቀድሞት ደረሰ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ተራው ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ወጣ፤ መኪና ሲቆም የትኞቹ ሦስት እንደሚነሱ፣ ዝርዝሩ መቼ እንደሚገለበጥ ሁሉ። ተቆጣጣሪዋ ራሷን እየነቀነቀች አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ጥላው ሥር የተቀመጡትን በእስክሪብቶዋ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

«እናቴ፣ እዚህ አሥራ አንድ ይላል። እኔ የቆጠርኩት አሥራ ሁለት ነው።»

«አሥራ አንድ ነን የኔ እመቤት። ያቺ ከሐሊማ ጋር ናት።»

«ወተት አይደለም እንዴ ከፊቷ ያለው?»

«ነው። ግን ሐሊማ ስትነሳ አብራ ትነሳለች እንጂ...»

ያ ሁሉ ንግግሬ፣ ሰሜራ ድረስ የተሰማው፣ ተመልሶ በአዋሽ በኩል ገባብኝ።

«ስማቸው ማን ነው?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

እናንተ ሆይ፣ አላውቀውም። ጥቁሩን መስኮት በኮሌታው የያዘችልኝ ሴት ናት፤ ሁለት ጊዜ ዳጉ ያነበበችልኝ ሴት። ዓመታት «አንቺ የሐሊማ» ስላት ኖሬያለሁ።

«ዛህራ» አለች ራሷ።

አቶ በለጠ ሳቀ፤ ሳቁ ከሳሉ ይብሳል። «ይኸው! ዘለለቻት! አራተኛው ሕግ የት አለ?»

«እዚሁ አለ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ደብተሬን ገለጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ሰው የዘለለች ሴት ቦታዋን ለተዘለለችው ትለቃለች። የዘለልኩት እኔ ነኝ። የእኔ ቦታ አንደኛ ነው። ዛህራ፣ ነይ፣ አንደኛ ሁኚ። ተራ ማስከበሩንም የፈለጉትን ያድርጉት የኔ እመቤት፤ እኔ ከጫኙ አልሻልም።»

ዛህራ ሳትነሳ ወደ ላፕቶፑ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ። «አንደኛ አልፈልግም እማማ። መጨረሻ ጻፊኝ።»

«ሕጉ እኮ...»

«የተዘለልኩት እኔ ነኝ። ቦታውን የምመርጥ እኔ ነኝ። መጨረሻ ጻፊ።»

ምንኛ ጨዋ ሴት ናት ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተቆጣጣሪዋም ልቧ የተነካ መሰለኝ። ከሁሉም ፊት ስሟን በአንድ ጣቴ ጻፍኩ፤ ሦስት ፊደል ብቻ ናት፣ እስኪ ምን ይከብደኝ ነበር? አሥራ ሁለተኛ። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷ ላይ ፈረመችና፣ «ስህተታቸውን በራሳቸው ሕግ የሚዳኙ ሰው ሌላ ተራ አስከባሪ አያስፈልጋቸውም» አለች። አቶ በለጠ ሄደ፤ ሳሉ ግን እስከ ማታ ተሰማ።

እሑድ ጧት ላፕቶፑን ከፈትኩ። ያ ሰሜራ ቀርቶ የነበረው፣ ዝርዝር ተጽፎለት የመጣው ቀን መቁጠሪያ ማንም ሳይነካው አንድ ብሎ አዲስ ወር አሳየ። ዝርዝሩም ተገለበጠ። አናቱ ላይ «አንደኛ፣ ዛህራ» ይላል። ዓይኔን ወደ ታች፣ ወደ ታች አወረድኩት። አሥራ ሁለተኛ ላይ ራሴን አገኘሁት።

ሐሙስ ቀን አንደኛነቴን ብትቀበለኝ ኖሮ ዛሬ መጨረሻ የምትሆነው እሷ ነበረች፤ ሠላሳ ቀን ሙሉ። እኔ ሳለቅስ እሷ ቆጥራለች።

ቀና ስል ዛህራ የራሷን ጀሪካን፣ የራሷን ኩባያ ይዛ ቆማለች። ከገዋኔ በኩል የመጀመሪያው አውቶቡስ አቧራውን አስከትሎ ብቅ ብሏል። «እማማ» አለችኝ፣ «ጥሪኛ።»

ኬላ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠራኋት። «ዛህራ!»

ሄደች። እኔ ከእንቁላሌ ጋር ተቀምጬ ሙቀቱን እጠብቃለሁ። ወሩ ደግሞ፣ ጊዜ ሲከፋ፣ የሠላሳ ቀን ወር ነው።